መሬት የሌለው ቤት

ምዋናሻ ያኔ ልጅ ነበረች። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷና ሼህ ባዳዊ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። «ቤቱ ያንተ፣ መሬቱ የኔ» ይላሉ ሼሁ። «ጭቃ ለጥፈህ፣ በዘንባባ ከድነህ ኑርበት። ድንጋይ ግን…» ከዚያ ወዲያ ያሉት በደንብ አይታወሳትም። የሳቁ ይመስላታል።

በሞምባሳ፣ በማጄንጎ ሰፈር፣ ቤቱ የአንዱ መሬቱ የሌላው መሆኑ ማንንም አይገርምም። ባለቤቱ ለባለመሬቱ የመሬት ኪራይ እየከፈለ፣ ክፍሎቹን ደግሞ ለሌላ ያከራያል። አባቷ ሲሞት ቤቱ ለእሷ፣ ሼሁ ሲሞቱ መሬቱ ለልጅ ልጃቸው ለስዋሌ ደረሰ።

ባለፈው ዝናብ በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ተናደ። የልብስ ሰፊው ተከራይዋ የኦዱዎር የስፌት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ምዋናሻ እቁቧ ሲደርሳት ግድግዳውን በብሎኬት አሠራችው። ጎረቤት ሁሉ «እሰይ!» አለ። ስዋሌ ግን በጠበቃ አስጽፎ ላከባት፦ ብሎኬትም ድንጋይ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንጋይ አስገብተሻል፣ ውሉ ፈርሷል፣ ቤትሽን አንሺ። የመሬት ኪራዩን ይዛ ብትሄድ አልቀበልም አለ። ፎቅ የሚሠራ ገዢ እንዳገኘ የሰማችው ዓሣ ገበያ ነው።

ከዚያ ወዲህ እግሯ አላርፍ አለ። ከኮሪደሩ ጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች። ሩዝ ጥዳ ታሳርራለች። ስትሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረሰች ይጠፋባታል። ከእነዚያ ክፍሎች ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ኦዱዎርን ኪራይ ብትጠይቀው፣ «እማማ፣ ለማን ልክፈል? ላንቺ ወይስ ለፎቁ?» አላት።

«ፎቁ ሲመጣ ለፎቁ ትከፍላለህ። አሁን ያለኸው በእኔ ጣሪያ ሥር ነው።»

«አስወጪኛ!»

«ላስወጣህና ፍርድ ቤት ልትገትረኝ? አንደበትህ እንደ ሰው ቢያርፍ ምናለ!»

ወንድሟ ሐሚሲ ደግሞ ጠዋት ማታ ይጨቀጭቃታል። «ግድግዳውን አፍርሼ ልታረቅ እንዳትዪ! ካሳ ከተፈረደልሽ የሚፈረድልሽ በእሱ ነው። ጭቃማ ማን ይገምተዋል?»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ፋማው ምዋናሻን፣ ሐሚሲንና ስዋሌን የመስጊዱ ደጃፍ ላይ አስቀመጧቸው።

«ስዋሌ፣ ሴትዮዋን ለምን ታስጨንቃለህ?»

«ምን አደረግኋት፣ አባባ? ዛሬ ድንጋይ ያስገባ ነገ መሬቱም የኔ ነው ይላል። እዚሁ ሰፈር አላየንም?»

«ታዲያ ዝናቡን አንተ ታቆመው ነበር?» አለች ምዋናሻ።

«ብትጠይቂኝ ኖሮስ፣ እትዬ?»

እምቢ ይለኛል ብላ ነበር ሳትጠይቀው የቀረችው።

«ድንጋዩ ወርዶ ጭቃ ቢመለስ ኪራይዋን ትቀበላለህ?» አሉ ፋማው።

ስዋሌ ፈገግ አለ። «ይህን ሁሉ ብር አፍስሳ ታፈርሰዋለች? ካፈረሰችውማ በሰው ፊት፣ በጽሑፍ እቀበላለሁ። ገዢም ከመጣ እሷ ቤቷ ውስጥ እንዳለች መሬቱን ይግዛ።»

«ሰው ሰምቶሃል» አሉት ሽማግሌው።

ሐሚሲ ሻሿን ጎተተ። «ካሳሽን ልታፈርሺ ነው!»

«ካሳ ተበልቶ ያልቃል፣ ሐሚሲ። ቤት ግን አላህ ካለ ያበላል።»

ይህን ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ግድግዳው የኦዱዎር ክፍል ግድግዳ ነው፤ እሱ እምቢ ካለ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ የሆነውን ነገረችው።

«ጭቃው እስኪደርቅ ክፍልህ ለመንገድ ክፍት ነው» አለችው።

ብሎኬቱን በመዳፉ ዳበሰ። «ገና ዝናብ አይገባብኝም ብዬ ደስ ሲለኝ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሸራ እወጥርልሃለሁ። እስኪደርቅም ኪራይ አልልህም።»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«ባለቤቱ ከፍሎ ያልወሰደውን ሱሪ ይዞልህ ይሂድ!»

ሳቁን ለመዋጥ ሞከረ፤ አልቻለም። በመጨረሻ የጀመረውን ሸሚዝ ከመኪናው ላይ አንሥቶ አጠፈ።

«መዶሻ ተዋሺ» አላት። «የላይኛውን ረድፍ እኔ አወርዳለሁ፤ አንቺ ከታች ተቀበዪኝ።»