ሦስት ጊዜ ከወደቅሽ

ምሰሶ ከውሃው ውስጥ ብቅ ስትል የመረቡን ጠርዝ አሁንም በጥርሷ ነክሳው ነበር። ፀጉሯ ላይ የውሃ ሣር ተጠምጥሟል፤ ቀሚሷ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ዙሪያዋን ይንሳፈፋል። የጣለቻት ቢጫ ታንኳ ግን ምንም እንዳላጠፋች ሁሉ ራቅ ብላ ትወዛወዛለች።

"አንድ!" አለ ባሏ ከዳር ሆኖ፤ ሌባ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል።

ምሰሶ መረቡን ከአፏ ተፋችና "መቁጠር እንደምትችል አውቀናል!" ብላ ጮኸችበት።

ምሰሶ የወጣላት ስም ነው። ሌሎቹ ዓሣ አስጋሪዎች ተቀምጠው መንጠቆ ሲጥሉ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባዋ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ መረብ ስትወረውር ስላዩ አወጡላት። መረብ ውርወራ የክንድ ሥራ ብቻ አይደለም። አንዱን ጠርዝ በጥርስ ነክሶ፣ ሌላውን ክርን ላይ ጥሎ፣ የቀረውን በሁለት እጅ ይዞ ወገብን ጠምዝዞ መልቀቅ ነው። ተቀምጠው የወረወሩት መረብ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኮማትሮ ይወድቃል፤ ቆመው የወረወሩት ግን አየር ላይ ክብ ሆኖ ይከፈታል። ለእሷ ከዚያ ክብ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ትታ ስትወጣ አስተማሪዋ የነገራትን ሁሉ ረስታለች፤ አባቷ ያስተማራትን ውርወራ ግን በእንቅልፍ ልቧም አትስተውም።

ባለፈው ወር የእንጨት ጀልባዋ ሆዷ ተበላ። ሬንጅ ብትቀባት፣ ቆርቆሮ ብትመታባት፣ ከእንጨቱ ጥገናው በለጠ። በመጨረሻው ቀን ውሃ በድስት እየቀዳች እየደፋች ስትመጣ ባሏ ዳር ቆሞ አየ። እሱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ውሃ ይፈራል። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሐይቁን ነክቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየማለዳው ዳር ላይ ቆሞ እስክትመለስ ይጠብቃታል። አይቀመጥም። ከተቀመጠ እሷ ከዓይኑ የምትጠፋ ይመስለዋል።

"በቃሽ" አላት ያን ቀን። "ታናሽ እህትሽ ጋ፣ ዓሣ መሸጫዋ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ትመዝኛለሽ።"

"እኔ ቁጭ ብዬ? ቁጭ ያልኩ ቀን ሬሳዬን ነው የምታገኘው!"

ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ቀን ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ሐይቁ ዳር ካለው ሱቅ ሄዳ ካያክ የሚሏቸውን የፕላስቲክ ታንኳዎች ቆማ ትሞክራለች። ሦስት ጊዜ ከወደቀች መረቡ ይሰቀላል።

"ሦስት ጊዜ ከወደቅሁ መስቀያውን ምስማር ራሴ እመታዋለሁ!" አለች። ምሰሶ ደግሞ ቃሏን ከምትውጥ ድንጋይ ብትውጥ ይቀላታል።

እና አሁን አንዱ ሄዷል።

"እማማ፣ እኔ እኮ ቆሜባት አሳይቼዎታለሁ" አለ ባለሱቁ፣ ቢጫዋን ካያክ ወደ ዳር እየጎተተ። ጢሙን አሳምሮ የተላጨ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ጎልማሳ ነው።

"እማማ አትበለኝ! እናትህ ብሆን ኖሮ አቋቋም አስተምርህ ነበር። አንተ የቆምከው እጅህን ደረትህ ላይ አጣጥፈህ ፎቶ ለመነሣት ነው። እኔ የምቆመው ለመወርወር ነው።"

"ታዲያ እትዬ፣ ምርጫው ሁለት ነው። ጠባቧ ትበራለች፣ ግን ትጥላለች። ሰፊዋ አትጥልም፣ ግን ትሳባለች።"

"ፍጥነትና መረጋጋት እንደ አማትና ምራት ናቸው በለኛ፤ አንድ ቤት አይገቡም።"

"ተናገሩት!"

ሰፊዋ ግራጫ ነበረች። ምሰሶ ወጥታ ቆመችባት። አልጋ ናት። ወዲያ ዘለለችባት፣ ወዲህ ዘለለችባት፤ ምንም። መረቧን ሦስት ጊዜ ወረወረች፤ ሦስቱም ጊዜ ክብ ሆኖ ተከፈተ። ባሏ የቀሰረውን ጣት ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ከተተ።

"በይ ይቺን ግዢና ቤታችን እንግባ!"

"ቆይ" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "እስኪ እስከ በርሜሉ እንሽቀዳደም።"

ቀድሜ የሚሉት ዓሣ አስጋሪ ነበር። ይህም የወጣለት ስም ነው። ከሐይቁ ማዶ ሸምበቆው ሥር፣ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ነፋሱ እስኪነሣ ድረስ ዓሣው ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ የደረሰ ያሰግራል፤ ኋላ የደረሰ የደፈረሰ ውሃ ያገኛል። ቀድሜ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይደርሳል። ይባስ ብሎ ሌሎቹ ሲመጡ ገና ከሩቅ "ቀድሜ መጥቻለሁ!" ይላል። ምሰሶ ሌላውን ሁሉ ትችላለች፤ ያቺን ቃል ግን መስማት ሰልችቷታል። ለባሏ ያልነገረችው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የማይጥል ታንኳ ብቻ ሳይሆን ቀድሜን የሚቀድም ነበር የምትፈልገው።

ተነሡ። ምሰሶ ግራጫዋን በሙሉ ኃይሏ ቀዘፈች፤ ግራጫዋ ግን ውሃውን እንደ ሊጥ እያቦካች ሄደች። ቀድሜ ዳቦ በጥርሱ እንደያዘ ቀዝፎ ቀዩ ተንሳፋፊ በርሜል ጋ ደረሰ፤ ቁጭ ብሎ ዳቦውን በላ።

"ዳቦዬን ጨረስኩ፣ ፍርፋሪውንም ለዓሦቹ ሰጠሁ፤ ምን አዘገየሽ እህቴ? መንገድ ተዘግቶ ነው?"

ምሰሶ ግራጫዋን ወደ ዳር አዞረች። ፊቷ በርበሬ መስሎ ተመለሰች።

"ምን ያጣድፍሻል?" አላት ባሏ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"ያልቸኮለችስ? የምትለቅመውን አጣች!"

ጫማዋን አውልቃ ቢጫዋ ላይ ደግማ ወጣች። ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ትንፋሿን ዋጠች፤ ወረወረች። መረቡ ተከፈተ! ቢጫዋም አልጣለቻትም። ምሰሶ "እልል" ልትል አፏን ስትከፍት ከታች ዓሣው ተንፈራገጠ፣ መረቡ ወደ ጎን ሳባት፣ እልልታዋ ውሃ ውስጥ ተጨረሰ።

"ምሰሶ ወደቀ!" አለ ቀድሜ እየሳቀ።

"ሁለት" አለ ባሏ። ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው የደስታ አልነበረም።

ከሱቁ በር ላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ደንበኛ የሚያርፍበት ረጅም አግዳሚ ነበር፤ አሮጌ ምንጣፍ ተጥሎበታል። ምሰሶ ሄዳ ዘጭ አለችበትና ቀሚሷን ጨመቀች። አንድ መውደቂያ ቀርቷታል። ግራጫዋን ወስዳ በሰላም ቆማ በየቀኑ የቀድሜን ድንፋታ መስማት ትችላለች። ወይም ደግሞ ወንበር፣ ሚዛን፣ "ስንት ኪሎ ልስጥዎት?" ይህን እያሰበች ተቁነጠነጠች። አግዳሚው አይመችም። ሁለት ሸንተረር ጭኗን ይወጋታል።

ተነሥታ ምንጣፉን ገለበጠችው።

"ይሄ የተቀመጥኩበት ምንድን ነው?"

"አግዳሚ ነው፣ እትዬ።"

"አግዳሚ አፍንጫ አለው?"

ባለሱቁ አንገቱን አከከ። "እሱማ... በፊት ካያክ ነበር። ቀለሙ ፀሐይ በላው፣ ማንም አልጠየቀውም፤ ገልብጬ ሦስት ዓመት ደንበኛ ይቀመጥበታል።"

ምሰሶ ዳሰሰችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሸንተረሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ውሃ የሚያልፍበት ሸለቆ አለ፤ ፊቱ ደግሞ እንደ ቢላ ሾሏል። ቀጥ ብላ ቆመችና እግሯን አየች። መረብ ስትወረውር ሁልጊዜ እግሯን ከፈት አድርጋ ነው የምትቆመው። አንድ እግር ላይ የቆመ በግፊያ ይወድቃል፤ እግሩን ከፈት አድርጎ የቆመ ግን ይጸናል። ይህም ነገር ሁለት እግር ነበረው።

"ገልብጡልኝ።"

"አንቺ ሴት" አለ ባሏ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ነው የቀረሽ። እሱን ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት ለኖረ ነገር ታወጪዋለሽ? ግራጫዋን ውሰጂ። እኔም ምንም አልል።"

"አንተ ምንም አትልም። ቀድሜ ይላል።"

ገለበጡት። ከውስጡ የሸረሪት ድር፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ መደገፊያ ያለው ተነቃይ ወንበርና አንድ መለኪያ ሜትር ወጣ። ባለሱቁ ሜትሩን አንሥቶ ሳመው።

"ለካ እዚህ ነበርክ! ወንድሜን ሦስት ዓመት ሙሉ ሌባ ስለው!"

"በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" አለች ምሰሶ። "በል ሳብ!"

ውሃ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ምን እንደነበረ ለመናገር ያስቸግር ነበር፤ አረንጓዴ ሳይሆን አልቀረም። ወንበሩን ነቅላ ዳር ላይ ጣለችው፤ ቦታ ይይዝባታል። ወጣች። ቆመች። ዘመም አለ፤ ምሰሶ ዓይኗን ጨፈነች፤ ባሏ ከዳር ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱም ሲገልጡ እሷ ቆማለች። ዘመም ይላል እንጂ አንድ ልክ ጋ ሲደርስ በሌላኛው እግሩ ይቆማል፤ ከዚያ አያልፍም።

"ቀድሜ!" ብላ ተጣራች። "ዳቦ አለህ?"

"አልቆብኛል።"

"ይሻልሃል!"

እስከ በርሜሉ ተነሡ። መጀመሪያ ቀድሜ ቀደመ። መሀል ላይ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ቀድሜ መሳቁን ተወ። የምሰሶ ታንኳ ሥር ውሃው ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ሽው ይላል። ምሰሶ ቀድማ ደርሳ በርሜሉን በመቅዘፊያዋ ስትመታው ዳር ያሉት ሁሉ ሰሙ፤ ቆርቆሮው ደውል ሆኖ ጮኸ። እዚያው ተነሥታ ቆመች፤ ነከሰች፤ ጠመዘዘች፤ ለቀቀች። መረቡ ሰማይ ላይ ተከፈተ። ስትስበው ሁለት ዓሣ መጣ፣ እየተንፈራገጠ፣ እየጎተተ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

"ቀድሜ መጥቻለሁ!" አለች ሐይቁን በሚሞላ ድምፅ።

ቀድሜ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ባርኔጣውን አወለቀላት። "እንግዲህ ስሜንም ውሰጂው" አለ።

ዳር ደረሰች። ዓሦቹን በአንድ እጅ፣ መረቡን በሌላው ይዛ፣ እየሳቀች ከታንኳው ወረደች፤ ሁለት እርምጃም ሄደች። በሦስተኛው ጭቃው አዳለጣት፤ ዓሣዋን እንዳቀፈች በጀርባዋ ተዘረረች።

"ሦስት!" አለ ቀድሜ ከውሃው ላይ።

ምሰሶ እዚያው እንደተጋደመች ባሏን አየችው። ቃል ቃል ነው። አልተከራከረችም። ባሏ የራሱን ጣቶች ተመለከተ። ሁለቱ ቆመዋል፤ ሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ወደ ሐይቁ አየ፣ ወደ ጭቃው አየ፣ እሷን አየ። ጭቃ ፊቷ ላይ ተረጭቷል፤ ግን እንዲህ ስትስቅ ካያት ስንት ጊዜው ነው?

ጣቱን መልሶ አጠፈው።

"እሷን የጣላት መሬቱ ነው" አለ ዳኛ በሚመስል ድምፅ። "መሬቱን ደግሞ አንገዛውም።"

ምሰሶ ከጭቃው ተነሥታ ስትስመው እሱም ጭቃ በጭቃ ሆነ።

የቀረው ዋጋ ነበር። ምሰሶ ተከራከረች፤ ቀለሙን አነሣች፣ የሸረሪቱን ድር አነሣች፣ ጭኗን መውጋቱን ሳይቀር አነሣች። ባለሱቁ በመጨረሻ ዳር ላይ የተጣለውን ወንበር አየ።

"እትዬ፣ እንግዲህ አግዳሚዬን ወሰዱብኝ፤ ደንበኛዬ የት ይቀመጥ? እርስዎ እንደሆነ አይቀመጡም። ወንበሩን ይተዉልኝና ጥሩ አድርጌ ልቀንስልዎት።"

የሚቀንስላትን ነገራት። ጥሩ ነበር። ለአዲስ መረብ የሚበቃ። ምሰሶ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቅናሽ አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ወንበሩን አነሣችው፣ ውሃውን አራገፈችለት፣ መደገፊያውን ቀና አደረገችው። ከዚያ ባሏ ሁልጊዜ ማለዳ ከሚቆምበት ድንጋይ አጠገብ፣ ሐይቁ በሙሉ ከሚታይበት ቦታ ላይ ወስዳ አስቀመጠችው።

"ቅናሹን ተወው" አለችው ለባለሱቁ። ወደ ባሏ ዞረች። "በል ተቀመጥ። ከነገ ጀምሮ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ።"

ባሏ ወንበሩን በጥርጣሬ ዞረው፤ እንደ አዲስ አውቶቡስ በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ኋላ ተደገፈ።

"እንዴት ነው?"

"ጀርባው ትንሽ ረጥቧል።"

"ይደርቃል" አለች ምሰሶ፣ መረቧን ትከሻዋ ላይ እየጣለች።