ከብርማው ቀለም በታች

ደምሰው ያችን አንዲት የእንጨት አውሮፕላን ለማብራት ያየው አበሳ፣ ኧረ ለጠላትም አይስጥ! ክንድ እንኳ አትሞላም እኮ። መጥረቡስ አልከበደውም። ከለቡ ገበሬ የዋንዛ ጉማጅ አምጥቶ፣ በቢላና በሞረድ ቅርጽ አውጥቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ጨርሷታል። ልኳን የወሰደው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ታላቅ ወንድሙ ወጋየሁ የአየር ኃይል ቱታውን ለብሶ፣ ከሚሠራበት የጭነት አውሮፕላን አፍንጫ ሥር ቆሞ ይስቃል። የአውሮፕላኑን ልክ የሚነግረው ሌላ ነገር ስላልነበረ ደምሰው የወንድሙን ቁመት ሜትር አደረገው፤ ክንፉ ይህን ያህል ወጋየሁ፣ ጅራቱ ይህን ያህል ወጋየሁ እያለ። ቁመቱንማ እንዴት ይስታል? የሱን ሱሪ እያሳጠሩ አልብሰውት አይደል ያደገው!

አበሳው ያለው ቀለሙ ላይ ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ብርማ ነበር፤ ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ይወጋል። እናቱ ተሾመችም የምትፈልገው ያንን ነው። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄ የሚበርበትን አሳየኝ» ብላዋለች። የዓይን ግፊት ነው ብሏል ሐኪሙ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም። አሁን የምትለየው በጣም የሚያበራና በጣም የጠቆረ ነገር ብቻ ነው፤ በመሐል ያለው ሁሉ፣ የደምሰው ፊት ሳይቀር፣ ጭጋግ ሆኖባታል።

ወጋየሁ ግን አይበርም። ወጋየሁ የለም። በሰሜኑ ጦርነት ማብቂያ ላይ አውሮፕላኑ ወድቋል፤ ሲወድቅ በዓይኑ ያየ ጓደኛው ካቻምና ነፋስ ስልክ ድረስ፣ ደምሰው ላሜራ ከሚቀጠቅጥበት ጋራዥ መጥቶ ነግሮታል። ደምሰው ወሬውን ዋጠው። እናትየው ደግሞ ልጄ ወደ ሱዳን ተሻግሯል፣ መንግሥት ሲለወጥ ስንቱ ተበትኖ የለ፣ አንድ ቀን በሬን ያንኳኳል እያለች ትጠብቃለች።

ምነው አልነገራትም ትሉ ይሆናል። ቀላል መሰላችሁ? ዓይኗን የበላው ለቅሶ ነው ብላ የምታምነው ራሷ ናት። ልጇ ደብዛው ከጠፋ ጀምሮ ጓዳ ገብታ ስታነባ ነው የኖረችው። መርዶውን የሰማች ለት ያቺ የቀረቻት ጭላንጭል በአንድ ቀን ድርግም ትላለች ብሎ ደምሰው ፈራ። ስለዚህ ለራሱ ቃል ገባ፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ትይ፣ ከዚያ ይነገራት።

ቃሉን የሚጠብቅበት ጊዜ ግን አለቀበት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አባይነህ መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ያ መርዶውን የነገረህ ወታደር መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ማውራት ጀምሯል» አሉት። «ተሾመች ከቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ትስማው? ይህ ነውር ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እርሟን ታውጣ እንጂ፣ የቁም ለቅሶ እስከ መቼ ነው?»

«አንድ ሳምንት ብቻ ጋሽ አባይነህ፣ በእግዜር!»

«ባለፈውም አንድ ሳምንት ነበር ያልከኝ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ደምሰው እንቅልፍ አልነበረውም። መጀመሪያ የጋራዥ ሰው ነውና እጁ የለመደውን አደረገ፤ ቀዩን የዝገት መከላከያ፣ አንቲረስቱን፣ ከሥር ቀብቶ ብርማውን ከላይ ነፋበት። የዛገ ጣሳ መሰለች። ልጦ ጣለው። ቀጥሎ ነጭ መሠረት ላይ ሞከረ፣ ነጭ ብርሃን ይጨምራል ብሎ። እናቱን መስኮት ሥር አስቀምጦ አውሮፕላኗን ፊቷ ላይ ያዘላት።

«የት አለ?» አለችው።

«ይኸው እማዬ! እፊትሽ!»

እጇን ዘርግታ ዳበሰችው። «እሰይ፣ ጎበዝ። ያምራል» አለች፤ ምንም እንዳላየች ከድምጿ ያስታውቃል። ደምሰው ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን በቡጢ መታ። ግራጫውንም ሞከረው፤ እሱማ ጭራሽ ምድጃ ውስጥ ያደረ ነገር ሆኖ አረፈው።

ሐሙስ ዕለት ልጦ ያነጣትን አውሮፕላን ይዞ ከጋራዡ ጀርባ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ቀለም ነፊው ከድር አገኘው። ከድር ነገሩን ሁሉ ያውቃል። አጠገቡ ቁጢጥ አለና አውሮፕላኗን ተቀበለው።

«አንተ ላሜራ ቀጥቅጥ፤ ቀለም ለኔ ተወው» አለ። «ብርማ ቀለም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የብረት ዱቄት ነው። የሚያበራው ሥሩ ያለው ነው። ሥሩ ነጭ ከሆነ ይገረጣል፣ ሻካራ ከሆነ ይሞታል። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዘይት ቀለም ከሥር አድርግለት፤ መስተዋት ይሆንልሃል ወላሂ።»

«ጥቁር? ልጇን በምትጠብቅ ሴት ቤት ጥቁር አውሮፕላን ላስገባ? ሟርተኛ አደረግኸኝ እኮ!»

«ይሸፈናል አልኩህ። ማን ያየዋል?» ከድር ጣቱን ቀሰረ። «ብቻ ሁለት ነገር ስማኝ። ብርማ ጉድ አይሸሽግም፤ ጥቁሩ ላይ ጣትህ ካረፈ፣ አሻራህ ከላይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የጥቁሩ ሽታ ጨርሶ ሳይጠፋ ብርማውን እንዳትነፋ። ብርማው የሚቀጥንበት ቲነር ሥር ሥሩን ይበላውና እንደ ወተት ስልባቦት ይጨማደዳል።»

የቸገረው ምን ያደርጋል? ጥቁሩን ቀባት። ጋራዡ ውስጥ የሞላው አቧራ እንዳያርፍባት ወደ ቤት ወሰዳትና እሱ ክፍል ጥግ ላይ ሳፋ ደፋባት። ክረምቱ ደግሞ ለእልህ ይመስል ቀንም ሌትም ያወርደዋል፤ በዚያ እርጥበት ምን ይደርቃል? ዓርብ ጠዋት ሳፋውን ገለጥ አድርጎ አሸተተ፤ ይሸታል። ዓርብ ማታ ይሸታል። ቅዳሜ ጠዋትም ይሸታል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። ደምሰው አምላኩን የሚለምነው ስለ ቀለም መድረቅ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራና ፀሐይ ብቅ አለች። ደምሰው ሥራውን ጥሎ እየሮጠ ቤት ገባ። ሳፋው መሬት ላይ ተገልብጧል። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥቁሯን አውሮፕላን በሁለት እጇ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ይዛታለች። ሽታው መርቷት ነው።

«ደምሴ! አየሁት!» አለች፤ ፊቷ በርቷል። «ክንፉን አየሁት፣ ጅራቱን አየሁት! አቤት ማማሩ!»

ደምሰው፣ ሞኙ፣ ለአፍታ ደስ አለው። ለካስ በብርሃኑ ላይ ጥቁሩ ጉልህ ሆኖ ታይቷታል። ከዚያ እናቱ አውሮፕላኗን ዝቅ አደረገች።

«ጥቁር ነው ግን» አለች ቀስ ብላ። «ለምን አጠቆርከው?»

«መሠረቱ ነው እማዬ። ብርማው ከላዩ ይመጣል። ያለ ጥቁር አያበራም፤ ከድርን ጠይቂው።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው!»

«ወጋየሁ ይሙት በል።»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተናገረው እውነት ነው። ጥቁሩ መሠረት ነው፣ አልዋሸም። ብሎት ቢገላገል ምን ነበረበት? ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ አፉን ሳይጠርግ «ወጋየሁ ይሙት አልነካሁም!» ሲል የነበረ ሰው ነው። በዚያ ቤት ትልቁ መሐላ እሱ ነበር። አሁን ግን አፉን ከፈተና «ወጋ...» ብሎ ምላሱ ተሳሰረ። የሞተን ሰው ይሙት ብሎ እንዴት ይማላል?

«እማዬ ትሙት!» አለ ተጣድፎ።

«በእኔ አይደለም ያልኩህ።»

ደምሰው አውሮፕላኗን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልለቀቀችለትም።

«ካቻምና ያ ሰውዬ ጋራዥ ድረስ መጥቶ ካነጋገረህ ወዲህ አንድ ቀን በወንድምህ ምለህ አታውቅም» አለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ አለ። ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ። ሱዳን ነው፣ ሱዳን ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል...»

ደምሰው ጉልበቷ ላይ ተደፋ። ጩኸቷን ጠበቀ። አፏ ሲከፈት፣ ደረቷ ሲነሳ ተሰማው። ጩኸቱ አልመጣም። ቀና ሲል የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ጥርሷን ነክሳበታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ አልቅሺ! አልቅሺ እባክሽ!»

ራሷን ነቀነቀች፤ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «ካለቀስኩ ዓይኔ ይሄዳል። ቆይ፣ አላለቅስም። ሂድና አብራው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አምጣልኝ። ልጄን በሚያምርበት አይቼው ነው የማለቅሰው።»

«ገና አልደረቀም እኮ፤ ይበላሻል።»

«እኔስ እስከ መቼ ይዤው ልቆይ?» አለችው።

አውሮፕላኗን ሲቀበላት ክንፏ ላይ የእናቱ ሦስት ጣቶች ጥቁሩ ውስጥ ሰምጠው ታትመዋል። ለመቀባት ጀርባዋ ላይ በሰካው ማንጠልጠያ ሽቦ አንጠልጥሎ በጭቃው ላይ ሮጠ። ሰው «ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ ማን ይሰማል! ከድር ኮምፕረሰሩን አጥፍቶ እጁን በቤንዚን ሲታጠብ ደረሰበት።

«አብደሃል?» አለ ከድር አሽትቶ። «ሽታው እኮ ከበር ይቀበላል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«አውቃለች፣ ከድር። ለቅሶዋን ይዛ ቁጭ ብላለች።»

ከድር ኮምፕረሰሩን መልሶ አስነሳ። «ቲነሩን አሳንሳለሁ» አለ ብርማውን እየበጠበጠ፤ «ከሩቅ፣ አቧራ እንደሚያርፍ አድርጌ ነው የምነፋው። አንድ ጊዜ ብቻ። ድጋሚ የለም።»

«ጣቷ ያረፈበትስ?»

«አልነካውም። ብነካው ሁሉም ይነሳል።»

ነፋው። ክንፉ በራ፤ እንዴት ብሎ በራ! ጅራቱ በራ። ከዚያ ሆዷ ላይ፣ ጥቁሩ ወፍራም በሆነበት፣ ቀለሙ ኩርምት ኩርምት ማለት ጀመረ። ደምሰው ጮኸ። ከድር ስፕሬዩን ጣለ።

«በላው! ሆዷን በላው! ክንፉ ላይ ሳይደርስ ሩጥ፣ አትቁም! እንዳትነካት፣ በሽቦው ያዝ!»

ፀሐይዋ ወደ ለቡ ሜዳ አዘቅዝቃለች፤ ከሥሯ ሌላ ደመና እየመጣ ነው። ደምሰው ሲደርስ እናቱ ደጅ ወጥታ በርጩማ ላይ ፊቷን ወደ ምዕራብ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ነጠላውን መልሳ በጥርሷ ይዛዋለች። ጋሽ አባይነህ ለደምሰው የነገውን ሊያስታውሱ መጥተው ሳይሆን አይቀርም፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ፊቷ ቆመዋል። «ተሾመች...» ሲሉ እጇን አነሳችባቸው።

«ቆዩኝ ጋሽ አባይነህ። ገና ነኝ» አለች ነጠላውን ከጥርሷ ለቅቃ።

ደምሰው አውሮፕላኗን በሽቦው ከፍ አደረጋት።

«የት አለ?» አለች እናቱ።

ያችው ጥያቄ! ደምሰው ወደ ግራ አዞራት፣ ወደ ቀኝ አዞራት። «እዚህ እማዬ፣ ወደ እጄ! እግዚኦ፣ እባክህ!» ክንፉን ዘንበል ሲያደርገው ፀሐይዋ አረፈችበት፤ ነጩ ብርሃን ተወርውሮ እናቱ ግንባር ላይ፣ ከዚያ ዓይኗ ላይ ወደቀ።

«እ!» አለች። «እ! አየሁት! ያበራል ልጄ!» ዓይኗን ሳትከድን፣ ሳታርገበግብ አየችው። «እዚያ ክንፉ ላይ የደበዘዘው ምንድነው?»

«ጣትሽ ነው። ሳይደርቅ ይዘሽው ነበር።»

«ይሁን፣ እሱ አይጥፋ» አለች። ደግሞም፣ «ያበራል አይደል ደምሴ? ይህ የኔ ዓይን አታሎኝ እንዳይሆን።»

«ያበራል!» አለ ደምሰው፤ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። መሐላ ፈለገና አፉ እንደገና ቆመ።

እናቱ ጠበቀችው። ከዚያ፣ «በእኔ ማል» አለችው። «ከእንግዲህ በእኔ ነው የምትምለው።»

«እማዬ ትሙት፣ ያበራል!»

«በቃኝ፤ አውርደው» አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈችና ካቻምና ጀምሮ ይዛው የነበረውን ለቀቀችው። «ወጌዬ! ወጌ፣ ልጄ!» ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ አባይነህ ለነገ ያዘጋጁት የመርዶ ቃል አፋቸው ላይ ቀርቶ መሬት ላይ ተቀመጡ። ደምሰው ግን አውሮፕላኗን አላወረዳትም፤ ምናልባት አንዴ ቀና ብላ ታይ እንደሆነ ብሎ፣ ፀሐይዋ ደመናው ውስጥ እስክትገባ ድረስ እጁን ዘርግቶ ቆመ።