የእማማ ቶሜ ረግረግ

እኛ መንደር ለምግብ የሚነቀለው የቀርከሃ ለጋ የሚበቅልበትን ቦታ ሚስት ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ አይናገርም። በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ ሁሉም ቅርጫቱን አዝሎ፣ ለድብ ማባረሪያ ወገቡ ላይ ቃጭል አስሮ፣ ጎረቤቱን አሳስቶ ነው ወደ ተራራ የሚወጣው። ደንቡ ግን አያወላዳም፤ ድብ ያየ ሰው ያየበትን ቦታ ሳይደብቅ ወዲያው ለማዘጋጃ ቤት መናገር አለበት። እኔም ሰምቼ ዝም ብል እጠየቃለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ማይክ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነዋ፤ በየምሰሶው የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የሚጮኸው በእኔ ድምፅ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አማቴ እማማ ቶሜ እያለከለኩ ቢሮዬ ገቡ። እጃቸው ተቧጭሯል፤ ቅርጫታቸው የለም።

«ድብ አየሁ! ግልገል ይዛለች» አሉ።

«የት?»

ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ቁራ ሸንተረር ላይ።»

«ቅርጫትዎስ?»

«ጣልኩታ! ድብ እያባረረኝ ቅርጫት ልሸከም እንዴ? ይልቅ ተናገሪ!»

ተናገርኩ። ቁራ ሸንተረር ማንም ድርሽ እንዳይል ደጋግሜ አስጠነቀቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ባሌ ካንጂ ከመንገድ ደወለ።

«አተረፍሽኝ እኮ! ወደ ቁራ ሸንተረር ልታጠፍ ስል ነው የሰማሁሽ። በቃ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።»

«የት?»

ሳቀብኝ። «ለአንቺ ነግሬ በማይክ ልትለፍፊው?» ብሎ ዘጋው።

እማማ ቶሜ ሻይ ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነገርኳቸው። ሻዩ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ፤ ማቃጠሉን እንኳ ያወቁት አልመሰለኝም።

«ሌላ ቦታ ማለት የት?»

«አልነገረኝም።»

«ወይኔ ልጄን!»

ክው አልኩ። «እማማ፣ ድቧን ያዩዋት የት ነው?»

ባዶውን ኩባያ ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«የት ነው እኮ የምልዎት!»

«ረግረጉ ውስጥ ነው። ለጋ የምነቅልበት የአባቴ ረግረግ። ካንጂን በልጅነቱ አዝዬው እወስደው ነበር። ሌላው ሲዘጋበት የሚሄደው እዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«እውነቱን ብናገር አዳኙ ይመጣል፣ ፖሊሱ ይመጣል፣ ከኋላቸው መንደሩ በሙሉ ቅርጫቱን ይዞ ይግተለተላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ልጄ። ከእኔና ከካንጂ ሌላ የሚያውቀው የለም፣ እሱም ዛሬ ወደዚያ አይሄድም፣ ማን ይጎዳል ብዬ…»

ደሜ ፈላ። አማት ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው የሚለው ነገር ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። «ለቀርከሃ ብለው ባሌን ሊያስበሉብኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ስልኩ ላይ ደወልኩ። ተራራው ውስጥ ኔትወርክ የለም። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም የለም። ዐይኔ ላይ የሚመጣው ካንጂ ጎንበስ ብሎ ለጋ ሲነቅል ነው። እዚያ ቀርከሃው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አጠገብህ የቆመውን አያሳይህም።

ወደ ማይኩ ስዞር እማማ ቶሜ ቀድመውኛል።

«ካንጂ! እናትህ ነኝ! ዋሽቻለሁ! ድቧ ረግረጉ ውስጥ ናት፤ ውጣ ልጄ! የሰማችሁ ድረሱልኝ! ከአሮጌው የከሰል ማክሰያ ጀርባ፣ ጅረቱን ተሻግራችሁ፣ የተሰነጠቀው ዝግባ ጋ!»

ዕድሜ ልካቸውን አፍነው የያዙትን ቦታ በአንድ ትንፋሽ ለተራራው ሁሉ ዘረገፉት።

ጥሪውን ሰምተው ከደረሱት አዳኞች ጋር መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ በመኪና ሄድን። እነሱ ጠመንጃቸውን ይዘው ገቡ፤ እኔና እማማ ቶሜ ቆመን ቀረን። ጆሯችን ቃጭል ፍለጋ ተተክሏል። የእሱን ቃጭል ከሺህ እለየዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት።

ቃጭል ተሰማ። የእሱ አልነበረም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሱጊ ሙሉ ቅርጫት አዝለው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ከጫካው ወጡ።

«ሱጊ? አንቺ… እዚያ ነበርሽ?» አሉ እማማ ቶሜ።

«ምነው ቶሜ፣ ረግረግሽን የማያውቅ አለ እንዴ? እንዳይከፋሽ ብለን አንቺ ስትወጪ ጠብቀን እንገባለን እንጂ።» ከዚያ ወደ ጫካው ዞር ብለው አዩ። «አንቺ ቁራ ሸንተረር ስትዪ ጊዜ እኮ ነው፣ እዚህ ሰላም ነው ብዬ የገባሁት። ማጉያው ሲጮህ ሮጥኩ። ከኋላዬ የወንድ ጩኸት ሰማሁ።»

እማማ ቶሜ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ ጭጭ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ የገዛ ትንፋሼ የእሱን ቃጭል እንዳይሸፍንብኝ ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሁለት ሰዎች ካንጂን ደግፈው አወጡት። ፊቱ ላይ የያዘው ፎጣ በደም ርሷል። ሮጬ አቀፍኩት። እማማ ቶሜ ግን አልተጠጉም።

«እማዬ፣ ድምፅሽን ሰምቼ ቀና ስል ድቧን አየኋት» አለ። «ትንሽ ቀደም ብትዪ ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ሐኪሞቹ ግራ ዐይኑን ማዳን አልቻሉም። ካንጂ ለእናቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። እማማ ቶሜ ግን ከዚያ ወዲህ ገበታ ስንቀርብ ሁሌ በግራው በኩል ይቀመጣሉ፤ እሱ በማያያቸው በኩል።