የሚተነፍሰው አንሶላ

እናቲቱ አንሶላዋን የምታሰጣው ከከሰል ጉድጓዱ አየር ማውጫ ፊት ለፊት ነው። ከመሬት በታች የታመቀውን ጋዝ የሚስበው ማራገቢያ ሲሠራ፣ አንሶላው እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ይነፋል፤ ጥላሸቱንም ይጠጣል።

«እማዬ፣ ጓሮ ብታሰጪው ምናለ? እኛን እንዳያፍነን የወጣውን አንቺ ትምጊዋለሽ» አለቻት ጉድጓድ ወራጇ ልጇ፣ ሄልሜቷን እያጠለቀች።

«አንቺን ከሚያፍንሽ እኔን ያጥቁረኝ። ሂጂ፣ ነገረኛ።»

ረፋዱ ላይ ማራገቢያው ጸጥ አለ፤ አንሶላውም ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። እናቲቱ ገመዱን እንደያዘች ፈዛ ቀረች፤ የራሷም ትንፋሽ የቆመ መሰላት። ብዙ ቆይቶ የአንሶላው ጫፍ ተነቃነቀ፤ ከዚያም ተነፍቶ ጥቁር ብናኙን ፊቷ ላይ አራገፈው። ሳትጠርገው በረጅሙ ተነፈሰች።

አመሻሽ ላይ ልጇ ስትመለስ የጠቆረ ፊቷን አይታ ሳቀች። «ዛሬ ማናችን ነን ጉድጓድ የወረድነው?»

«ሁለታችንም» አለች እናቷ፣ አንሶላውን እንደገና እየዘፈዘፈች።