በላስቴንያ አጥር ሥር ያለው አቺራ

ጎረቤቴ ላስቴንያ ሌባ ናት ብዬ ስምንት ዓመት ሙሉ ለመንደራችን ለማላካቶስ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ያልሰማ ካለ ጆሮው አይሰማም ማለት ነው። ከእናቴ የአቺራ ተክል ሥሩን ገምሳ አጥሯ ሥር ተከለችው፤ ይኸው ቅጠሉ እንደ ኮባ ሰፍቶ፣ ቀይ አበባው ከአጥሩ በላይ ይንጎማለላል። ማስረጃሽ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኛ አገር የሚይዘው የተሰረቀ ተክል ነው፤ ተለምኖ የተሰጠ ይጠወልጋል። ያንን የሚያህል አቺራ በምርቃት አይበቅልም!

የእኔው ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ በእነዚሁ ስምንት ዓመታት፣ ተጨናንቆ፣ ሥሩ እርስ በርሱ ተሻምቶ፣ ቅጠሉ መዳፍ አክሎ ቀረ። በመዳፍ ምን ይጠቀለላል? ለሙት ዓመቷ ኪምቦሊቶ መሥራት አለብኝ፤ ሊጡ በአቺራ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ካልበሰለ ደግሞ ኪምቦሊቶ አይባልም። እናቴ በገበያ ቅጠል ጠቅልላ አታውቅም። ከእሷ እጅ የቀረኝም ያ ተክል ብቻ ነው።

ስለዚህ ነቅዬ ልከፋፍለው ተነሣሁ። ገና አንዱን ሥር ሳልቆርጥ ላስቴንያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ኡባልዲናዬ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ሦስት የቡቃያ ዓይን ተዪለት። አርቀሽ አትቅበሪው። ውኃም አታብዢበት፣ ይበሰብሳል።»

«ደግሞ ብለሽ ብለሽ አስተማሪ ሆንሽ? ትምህርቱንም ከሰው ጓሮ ነው የሰረቅሽው?»

«እኔስ ተናገርኩ። የራስሽ ጉዳይ።»

እልኸኛ ነኝ፣ አልደብቅም። እሷ ሦስት ስላለች አንድ አንድ ዓይን አድርጌ ቆራረጥኩት። አታርቂ ስላለች ክንዴን እስከሚውጥ ቆፍሬ ቀበርኩት። ውኃውንማ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ባልዲ፣ እሷ እያየችኝ ነበር የማፈስሰው።

ወር ሞላ፤ አንድም ቡቃያ የለም። ቆፍሬ ባየው ወይ ጉዴ፣ የሸተተ ጭቃ ሆኗል። አንዱንም ሳላስቀር አበስብሼዋለሁ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ዝናቡ ነው ያጠፋው አልኩ።

እንግዲህ የእናቴ አቺራ የቀረው ላስቴንያ አጥር ሥር ብቻ ነው። ልለምናት? ሞቼ ነው! ከሌባ ላይ የራስን መውሰድ ሌብነት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሑድ፣ ቅዳሴ ሄዳለች ስል አካፋ ይዤ ገባሁና ቁፋሮዬን ጀመርኩ።

«በአካፋ ነው እንዴ? ሥሩን ትቆራርጪዋለሽ። ዶማ ልስጥሽ?»

ዞር ብል ላስቴንያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ለካ ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታ ኖሯል።

«የእናቴን ነው የምወስደው!» ብዬ ጮህኩባት። «የሰረቅሽውን!»

«አልሰረቅሁም። እናትሽ ናት በገዛ እጇ ያመጣችልኝ።» ባቄላውን ወደ ጎን አደረገች። «‹ልጄ የሰው ምክር አትሰማም፤ አንድ ቀን በእልህ ታጠፋዋለች። አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ› አለችኝ። እንዳልነግርሽም አስምላኛለች። ‹ካወቀች መጥታ ትነቅለዋለች› ብላ።»

ውሸታም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እናቴ እንዲሁ ነበር የምትናገረው፣ ቃል በቃል።

«ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌባ ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምዬ ነበራ። ደግሞ እናትሽን እወዳት ነበር።»

አፈርኩ። እናቴ ላይም ተናደድኩ፤ ግን ከንዴቱ እፍረቱ በለጠ። ላስቴንያ እያነከሰች መጥታ በዶማ አወጣችው፣ ቅጠሉን ከላይ ቆረጠችው፣ አፈሩን አራግፋ አቀበለችኝ።

«ስንት ዓይን አለው?»

«ሦስት።»

«ውኃስ?»

«ትንሽ፣» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውንም ላነሣ እጄን ስሰድ፣ ያዘችኝ።

«እሱ ይቆይ፣» አለች። «አደራው ገና አላለቀም።»

አፈሩን በእጄ መልሼ አለበስኩት።