ሦስተኛው ሽማግሌ

ሱሉልታ ትጊ ቤት ለጋብቻ ሽምግልና ለመላክ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ለኪሩቤል የተገኙለት አጎቱ ጋሽ ዓባይነህና አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ሦስተኛውን የድሮ የክፍል ጓደኛው ዲሪርሳ ከዘመዶቹ አመጣለት።

"የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ኦቦ ኢቲቻ። ኦሮምኛቸው የሱሉልታን ሰው ያረታል" አለው።

ኪሩቤልም ይኼ በቃው፤ ሌላ አልጠየቀም።

አግቢው ራሱ ሽማግሌ አጅቦ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። እሱ ግን ቤት መቀመጥ ጨንቆት፣ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብሎ ለምኖ ተከተለ። ከቡራዩ ሲነሡ ዲሪርሳ ይነዳል፣ ጎረቤቱ ከፊት፤ ኪሩቤል ከኋላ በአጎቱና በኦቦ ኢቲቻ መካከል ተጣብቋል።

ጋሽ ዓባይነህ ዝምታ አይሆንላቸውም። "የኛ ልጅ እኮ ሰበታ የዓሣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመራማሪ ነው" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ዲሪርሳ ሳቀ። "ኪሩ፣ መች ነገርከኝ? ላቦራቶሪውን ያቋቋሙት እኮ ኦቦ ኢቲቻ ናቸው! ፕሮፌሰር ናቸው፤ ጡረታ ወጥተውም ውጭ አገር ድረስ ያማክሯቸዋል።"

ኪሩቤል ግን ተመራማሪ አይደለም። እሱ ሰበታ ገበያ ዳር የዶሮ መኖ ነው የሚሸጠው። ላቦራቶሪው አንዴ ለቅጥር ተወዳድሮ የወደቀበት ቤት ነው። ከትጊ ጋር በተዋወቁ ቀን አፉ አምልጦት ተመራማሪ ነኝ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ውሸቱ ቤተ ዘመዱን ሁሉ አዳረሰ።

"ጎበዝ፣ ኢልመ ኮ" አሉ ኦቦ ኢቲቻ ፊታቸው በርቶ። "ልጄ፣ የት ክፍል ነህ?"

"ውኃ ጥራት።"

"ከማን ጋር?"

ኪሩቤል የሚጠራው አንድም ስም አያውቅም። በግራም በቀኝም በሩን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልውረድ ቢል ምን ብሎ? ኦቦ ኢቲቻ ትንሽ አዩትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሱሉልታ ደርሰው ሽማግሌዎቹ ወደ ትጊ ቤት ሲገቡ ኪሩቤል መኪናው ውስጥ ቀረ። ሲመለሱ ጋሽ ዓባይነህ ገና ከሩቅ "ሰጡን!" አሉ። ኦቦ ኢቲቻ ግን አጠገቡ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አባቷ ሥራህን ጠየቁኝ። የኛ የላቦራቶሪው ልጅ ነው አልኩ። እስከ ዛሬ በዕድሜዬ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አላውቅም።"

ኪሩቤል ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል እግራቸውን ሰበሰቡ። "ለአንተ ብዬ አይደለም። ልጅቷ ጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ በሰው ፊት ላዋርዳት አልቻልኩም። እውነቱን ለብቻዋ አንተ ትነግራታለህ።"

የኪሩቤል ስልክ ጮኸ። "ትጊ ናት! እልልታውን እኛም እንስማ" አሉ ጋሽ ዓባይነህ፤ ከእጁ ነጥቀውም ስፒከሩን ከፈቱት።

እልልታ የለም። ትጊ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"ኪሩ፣ መኖ እንደምትሸጥ ካወቅኩ ቆየሁ። ሱቅህ በር ላይ ጆንያ ስታወርድ አይቼሃለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ እውነቱን ይናገራሉ፣ አባዬ ካንገራገረ ተነሥቼ እሱን ነው የምፈልገው እላለሁ ብዬ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ግን አባዬ ልጄን ተመራማሪ ሊያገባት ነው እያለ ለዘመድ ሁሉ እየደወለ ነው። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ ሰማሁ። አሁን ምን ልበለው?"

ኦቦ ኢቲቻ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ኪሩቤል ስልኩን ከአጎቱ እጅ ተቀበለ።

"ኪሩ፣ ምን ልበለው?" አለችው ደግማ።