ፕሮፌሰር ግን

በዩኒቨርሲቲያችን የሐሙስ የስሌት ምርምር ሴሚናር ላይ ሦስተኛው ረድፍ የሚቀመጡ አንዲት ፕሮፌሰር አሉ። ጥያቄያቸውን ሁሌ «እሺ፣ ግን…» ብለው ስለሚጀምሩ እኛ ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር ግን» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ከዚያች «ግን» በኋላ ርዕሱን የቀየረ አለ፤ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ባንክ የተቀጠረም አለ።

የዚያን ሐሙስ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። የሠራሁት ከየዕለቱ የውሃ ልክ ተነስቶ የወንዝን ከፍታ የሚተነብይ ፕሮግራም ነው። ሦስት ዓመት አሳምሮ ሠርቶ፣ ያለፈውን ክረምት መረጃ ስጨምርበት አበደ። ዝናቡ በሚያይልበት ወር ወንዙ ደርቋል ይለኛል። ኮዱን መስመር በመስመር ባገላብጠው ምንም ስህተት አጣሁበት። አማካሪዬም ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «ዛሬ መፍትሔ ካልተገኘ ሌላ ርዕስ ብትጀምሪ ይሻላል» አሉኝ። እንደገና ከሀ መጀመር ማለት ነው።

ስለ ፕሮፌሰሯ ሁሌ የምነግራት እናቴ ጠዋት ስትደውል፣ «ልፋቴን ውሃ በላው እማዬ» አልኳት።

«ወንዝ የሚያጠና ሰው ልፋቱን ውሃ ካልበላው ምን ይብላው?» ብላ አላገጠችብኝ።

ገለጻዬን እንደምንም ጨረስኩ። ፕሮፌሰር ግን መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«እሺ፣ ግን በዚያ ወር የተመዘገበው ትንሹ ቁጥር ስንት ነው?»

ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ስፈልግ ቁጥሮቹን ዞር ብዬም አላየኋቸውም ነበር። በሴሚናራችን ደንብ ደግሞ እንዲህ ላለው ጥያቄ በአፍ አይመለስም፤ ሰው ሁሉ እያየ ኮምፒውተሩ ላይ ማስኬድ ነው። ትዕዛዙን ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ -99 ወጣ።

«ሜትር?» አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ። «ወንዙ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አማካሪዬ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ፕሮፌሰሯ ብቻ አልሳቁም።

«መለኪያው ተበላሽቶ ሳይለካ የቀረ ቀን በዚህ ቁጥር ነው የሚሞላው» አሉ በቀስታ። «ባዶ ነው ለማለት። ኮምፒውተሩ ግን የውሃ ልክ መስሎት ከሌሎቹ ጋር ደምሮታል። ኮድሽ ጤነኛ ነው። ባዶዎቹን አውጪና አስኪጂው።»

አውጥቼ አስኬድኩት። ወንዙ ሞላ። የትንበያዬ መስመር ከተለካው መስመር ጎን ለጎን ክረምቱን ሽቅብ ወጣ። እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም።

ፕሮፌሰር ግን ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ።

«እሺ» አሉ።

የሚከተለውን ጠበቅን። አማካሪዬ ሳይቀሩ እስክሪብቶአቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ። እሳቸው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እና ሴትዮዋ ምን አሉ?»

«እሺ አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። እሺ ብቻ።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«እፎይ» አለች እናቴ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ‹ግን› እኔም እኮ ስፈራት ኖሬያለሁ።»